«የማን ልጅ ነሽ?»፦ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችና ስማቸው

ጎንደር ገጠር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ሰላምታው እንዳለቀ አንድ ጥያቄ ይከተላል። «የማን ልጅ ነህ?» መልሱ የአባት ስም ነው። ካልበቃ አያት ይጨመራል። አሁንም ካልበቃ ቅድመ አያት። «አሃ! የእነእገሌ!» እስኪባል ድረስ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ እስራኤል ሲገባ ስለገጠመው ነገር ነው። ስለ ቤተ እስራኤል ጉዞ ብዙ ተብሏል። ስለ በረሃው፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ በኋላም ስለ ሰላማዊ ሰልፉ። የስም ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ «ስማቸው ተቀየረ» ይባላል፣ ያበቃል። እኔ ግን እዚያች መስመር ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር፣ የአባትና የልጅ ይሁን የባልና የሚስት ይሁን የፍቅረኛሞች፣ ዞሮ ዞሮ ስም ላይ ሲያርፍ ስላየሁ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመናት በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች የኖሩ አይሁዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን አጸኑ። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት ወደ አገር የመመለስ መብት የሚሰጠው ሕግ እነሱንም እንደሚመለከት ተቀበለ። ከዚያ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአየር ተጓጓዙ።

ከዚያ የግንቦት ቀን ፎቶዎች አንድ ነገር ከዐይኔ አይጠፋም። ሰዎቹ ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ቤተሰብ እንዳይበታተን ታስቦ ነው። በዚያ ሩጫ ውስጥ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር፤ ብዙ ልጅ ከእናቱ ጋር አብሮ እንዲወርድ ረድቷል። ቤተሰቡ አንድ ላይ ወረደ። ወርዶ ከጠረጴዛ ፊት ቆመ።

ጠረጴዛው ላይ ቅጽ አለ። ቅጹ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የራስ ስም ነው። ሁለተኛው «ሼም ሚሽፓሃ» የሚሉት የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ። ስሙ ከቤት ጋር ባለበት አይቆምም፤ በየትውልዱ አንድ ደረጃ ይንቀሳቀሳል። ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ቅጹ ግን ባዶ ቦታ አለው፣ ባዶው መሞላት አለበት። አንዱ ሠራተኛ የአያትን ስም ወስዶ ሞላ። ሌላው የአባትን ወሰደ።

እስቲ በምሳሌ እንየው፤ ስሞቹ የምሳሌ ናቸው። ሞላ የሚባል ሰው አለ። አባቱ ታከለ፣ አያቱ ደሴ። ታላቅ ወንድሙ በሱዳን በኩል ቀድሞ ገብቷል፣ ያኔ የመዘገበው ሠራተኛ የአያቱን ስም ወሰደ። እሱ «ደሴ» ሆነ። ሞላ ከዓመታት በኋላ ሲመጣ የአባቱ ስም ተወሰደ። እሱ «ታከለ» ሆነ። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ወንድማማቾች በመዝገብ ላይ ሁለት ቤተሰብ ናቸው። ልጆቻቸው አንድ ክፍል ቢማሩ መምህሯ ዘመዳሞች መሆናቸውን በምን ታውቃለች?

የሞላ ሚስት ጥሩነሽ ወርቁ ናት። በቅጹ ላይ ጥሩነሽ ታከለ ተባለች። ለዕብራይስጥ ጆሮ ይህ ባልና ሚስት ማለት ነው፣ ምንም ችግር የለውም። ለአማርኛ ጆሮ ግን ሞላ ታከለና ጥሩነሽ ታከለ እኅትና ወንድም ናቸው። እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ ለሚጋባ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት እናት መታወቂያዋን በተቀበለች ቁጥር የባሏ እኅት ተደርጋ ተጽፋ ታገኘዋለች። አባቷ አቶ ወርቁ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ጠፍተዋል። ምናልባት እኒያ አባት ሱዳን በረሃ ላይ የቀሩ ናቸው። የቀረው ስማቸው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ራሳችሁን ሳታዩ አትቀሩም። ልጅ ይዛ ድንበር የምታቋርጥ እናት «ለምን የአንቺና የልጅሽ ስም አልተመሳሰለም?» ትባላለች። የእናንተ ቅጽና የእነሱ ቅጽ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ በቤተ እስራኤል ላይ የሆነው በጅምላ መሆኑ ነው።

የራስ ስም

የአባት ስም እንዲህ ከሆነ የራስ ስምስ? ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አንዳንዴ የሰጠው የመቀበያ ማዕከሉ ሠራተኛ ነው። አንዳንዴ መምህሯ ናት። ስሙ ለአፍ ይከብዳል፣ ልጁ ቶሎ ከሌሎቹ ጋር እንዲቀላቀል ይርዳው ተብሎ ነው። ያልተቀየረውም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። በዕብራይስጥ ጥ፣ ጭ፣ ጵ እንደኛ አይነገሩም። ኝ የለም። ጥሩነሽ «ቲሩኔሽ» ትሆናለች። አናባቢውም አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጻፍ፣ ጸሐፊው ሁሉ በመሰለው ያነበዋል።

ይህን ያደረጉት ሁሉ በክፋት አደረጉት አልልም። አገሩ ራሱ ስም በመቀየር የተሠራ አገር ነው። ዳቪድ ቤን ጉርዮን ሲወለዱ ግሩን ነበሩ። ሺሞን ፔሬዝ ፐርስኪ ነበሩ። ጎልዳ ሜየር ሜየርሰን ይባሉ ነበር። ከእኛም ወገን አዲሱን ስም በደስታ የተቀበለ አለ። ኢየሩሳሌምን ሲናፍቅ ለኖረ ሰው የዕብራይስጥ ስም የመድረስ ምልክት ነው። አብራምም አብርሃም ተብሏል። ግን እኒያ መሪዎች ስማቸውን የቀየሩት አውቀውትና ራሳቸው መርጠው ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን አልመረጠም። አባቱም አልተጠየቀም።

ደግሞ የአማርኛ ስም ምን እንደሚይዝ እናውቃለን። ስም ተብሎ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ፈንታሁን፣ ተተካ የሚባል ልጅ ከእሱ በፊት የሞተ ሰው አለው። ቤቱ ውስጥ ሐዘን ነበር፣ እሱ መጣ፣ ስሙ ያንን ይናገራል። ማስረሻ ስትባል የእናቷ ልቅሶ እስከዚያች ቀን ድረስ አልቆመም ነበር ማለት ነው። አሁን በዚያ መንገድ ላይ 4 ሺህ ሰው የቀበረ ሕዝብ አስቡ። ስንት ፈንታሁን፣ ስንት ምትኩ ይኖርበታል? አንዱን ፈንታሁን «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ይህ ነው» ብሎ የዕብራይስጥ ስም መስጠት፣ የሞተውን ወንድሙን ሁለተኛ መቅበር ነው። መምህሯ ይህን አታውቅም። ልጁም ገና አያውቅም። የሚያውቁት እናትና አባት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚያስረዱበት ቋንቋ የላቸውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ዕብራይስጥ እኮ የአማርኛ ዘመድ ነው። የዕብራይስጥ ስሞችም እንደኛው ይናገራሉ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ላይ ዮሴፍ በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ ይጠራዋል። ምክንያቱንም ይናገራል፤ እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ ሲል ነው። ምናሴ ማለት ማስረሻ ማለት ነው! ያውም በባዕድ አገር የተወለደ የስደተኛ ልጅ ስም። ጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ የቆሙት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። «ስምህ ምን ማለት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጎድሎ ነው።

ልጅ አስተርጓሚ፣ አባት ዝምተኛ

ስሙ ሁለት የሆነ ልጅ ሁለት ቦታ ይኖራል። ትምህርት ቤት በአንዱ ይጠራል፣ እቤት በሌላው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከቤተ እስራኤል ወጣቶች አብዛኞቹ «ፕኒሚያ» ወደሚባሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ወላጆች በመቀበያ ማዕከል፣ በሆቴል ወይም ካራቫን በሚባሉት ተንቀሳቃሽ ቤቶች ሰፈር ይኖራሉ። ልጁ አልፎ አልፎ ለሰንበት ይመጣል። በመጣ ቁጥር ዕብራይስጡ ሰፍቷል፣ አማርኛው ወይም ትግርኛው ጠቧል። እናት ምግብ ታቀርባለች፣ ታጎርሳለች። በጉርሻ የማይነገር ነገር ሲመጣ ግን ሁለቱም ቃል ያጥራቸዋል።

ቤት የቀረው ልጅ ደግሞ አስተርጓሚ ሆነ። ክሊኒክ ከእናቱ ጋር ይገባል፣ የማይሰማውን ይሰማል። ባንክ ከአባቱ ጋር ይቆማል፣ የቤቱን ዕዳ ያውቃል። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሯ ስለ ራሱ የምትለውን ራሱ ይተረጉማል። አባት ልጁ ምን ብሎ እንደተረጎመ ማረጋገጫ የለውም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን የአባትየውን ፊት እንይ። በአገሩ አርሶ፣ ቀጥቅጦ ወይም ሸምኖ ቤቱን ያኖረ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። አሁን የአሥር ዓመት ልጁ «አባ፣ እዚህ ጋ ፈርም» ይለዋል።

ልጁም በበኩሉ ሌላ ጣጣ አለበት። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዐይኑን ሰበር ማድረግ ተምሯል፣ ጨዋ ልጅ እንዲያ ነው። መምህሯ ግን ዐይኗን ያላየ ልጅ የደበቀው ነገር ያለ ይመስላታል። አቅንቶ ማየት ሲለምድ ደግሞ እቤት ደፋር ይባላል። አንድ ዐይን በሁለት ሕግ ሊገዛ አይችልም።

በባልና ሚስት መካከልም ሚዛኑ ተነሣ። ሰዉ «ቢቱዋህ ሌኡሚ» የሚለው የብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤት የልጆችን አበል የሚከፍለው በእናትየው ሒሳብ ነው። ሴቶች ሥራ ገቡ። ለብዙ ሴቶች ይህ እውነተኛ ነጻነት ነበር፤ ይህን አሳንሶ ማየት ተገቢ አይደለም። በአንጻሩ ቃሉ የማይሰማ፣ ገንዘቡ የማይቆጠር፣ ስሙ በልጁ ላይ የሌለ አባት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። አብዛኛው ዝም አለ። አንዳንዱ ዝምታው ወደ ዱላ ተቀየረ። ከዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ በባሎቻቸው የተገደሉ ሴቶች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ስደት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሚስቱን የመታ ሰው መታ ነው። ግን ድሮ ሁለቱን አስቀምጦ የሚዳኝ ሽማግሌ ነበር። ቃሉን አልቀበልም ያለ ሰው ከጎረቤት ጋር መኖር አይችልም ነበር። ዘመድ በየከተማው ሲበተን ያ ሽማግሌ አብሮ ተበተነ። የመጣው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ዕብራይስጥ ነው የሚናገረው፣ እሱንም የሚያስተረጉመው ልጅየው ነው።

ሰባት ቤት

አሁን ወደ ጋብቻው ልምጣ። እዚህ የስሙ ነገር ሁሉ ይሰበሰባል።

መጀመሪያ ከላይ የመጣ ችግር ነበር። በእስራኤል የአይሁድ ጋብቻ የሚመዘገበው በረቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ሰዉ «ራባኑት» በሚለው በኩል ነው። ራባኑት ደግሞ በኢትዮጵያ በቤተ እስራኤል ቄሶች የተፈጸመ ጋብቻና ፍቺ በሕጉ መሠረት መሆኑን ተጠራጠረ። ለመጋባት የሚመጡ ሰዎች በውኃ የመንጻት ሥርዓት ይፈጽሙ አለ። ለሺህ ዓመት አይሁድ ነን ብሎ ዋጋ ለከፈለ ሰው ይህ «አይሁድ አይደለህም» ከማለት አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1985 መጸው ላይ ብዙዎች ኢየሩሳሌም ከዋናው ራባኑት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ይህን የማነሣው ለአንድ ነገር ነው። ልጅን መዳር የአባት፣ ማጋባት የቄሱ ነበር። ሁለቱም ከእጃቸው ወጣ።

ከእጃቸው ያልወጣው ሰባት ቤት ነው። ቤተ እስራኤል በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ ሰው አያገባም። ክርስቲያኑ የአማራ ገበሬም እንዲሁ ነው። ሌሎች አይሁዶች ዘንድ ግን የአጎት ልጅ ማግባት በሃይማኖት አልተከለከለም። ስለዚህ ይህን ደንብ የሚያስከብር ጽሕፈት ቤት እስራኤል ውስጥ የለም። ቅጽ የለውም። ያለው በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የስም ሰንሰለት ነው። የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። የተቆረጠው ያው ሰንሰለት ነው። ሚሽፓሃው «ደሴ» የሆነ ልጅና ሚሽፓሃዋ «ታከለ» የሆነች ልጅ የወንድማማች ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ፕኒሚያ፣ ሠራዊት ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲተዋወቁ በምን ያውቃሉ?

የሚገርመው፣ ደንቡ አልጠፋም። ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገሩ፣ እዚያው የተወለዱ ልጆች፣ ነገሩ ጠንከር ሲል «እስቲ ቤት እንጠይቅ» ይላሉ። ለሃይማኖት ብዙም የማይጨነቀው ሳይቀር ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ልቡን የሰጠውም ያጋጥማል፤ ከዚያ ለቅሶው የሁለት ቤት ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍቅር ሲቋረጥ ከቤት ውጭ ላለ ጓደኛ ምክንያቱን ማስረዳት ከባድ ነው። «ዘመዴ ሆኖ ተገኘ። ስድስተኛ ላይ» ብትል ማን ይገባዋል?

ስሞቹም ቀስ በቀስ እየተመለሱ ነው። በእስራኤል የስም ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ባለው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስሙን መቀየር ይችላል። በሕፃንነታቸው የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸው ብዙዎች አድገው የወላጆቻቸውን ስም መልሰው ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በላይነሽ ዘባዲያ በአዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ሲሾሙ በላይነሽ ተብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤልን የቁንጅና ዘውድ የደፋችው ይታይሽ አይናው ናት። ቴሌቪዥን ላይ አገሩ ሁሉ ይታይሽ ለማለት ምላሱን ሲያሰለጥን ማየት ትልቅ ነገር ነበር። ያልቀየሩም አሉ፤ ሁለቱንም ይዘው የሚኖሩ። የዕብራይስጡ ስም የልጅነት ጓደኞቻቸው የሚያውቋቸው ስም ነው፣ እሱንም መጣል መቆረጥ ነው። ይህን እረዳለሁ። በመዝገብ የሚመለሰው ግን የራስ ስም ነው። ሰባቱ ስሞች በመዝገብ አይመለሱም። ከሰው አፍ መቀበል አለባቸው፣ ሰውየው ሳይሞት።

ስልኩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከቴል አቪቭ አያቷ ጋ ትደውላለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው።

«እማማ፣ አንድ ልጅ አለ።»

«እሰይ። የማን ልጅ ነው?»

«ሚሽፓሃው ደሴ ነው።»

«ሚሽፓሃውን መች ጠየቅሁሽ የኔ ልጅ። የማን ልጅ ነው?»

አታውቅም። ልጁን ትጠይቃለች። እሱም አያውቅም፣ አባቱ ጋ ይደውላል። አባቱ እስከ አምስት ይቆጥርና ያቆማል። የቀሩትን ሁለቱን የሚያውቁት አፉላ ከተማ ያሉ አክስቱ ናቸው። ስልኩ ወደዚያ ይዞራል። ልጅቷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃለች፣ የሚመጡትን ስሞች በዕብራይስጥ ፊደል እየጻፈች።